ሦስተኛ የወጣችው ልጅ

አለነ የወንድሙን የቆርቆሮ በር ገፋ አድርጎ ሲገባ መጀመሪያ የሰማው እንግሊዝኛ ነው። ግቢው ጥግ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ልጁ ሸጊቱ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የሕፃን ጨርቅ ታሻለች፤ በየእሽታው አንድ አንድ ቃል ትላለች። «ራይት፣ መብት። ሩል፣ ደንብ። ዲውቲ፣ ግዴታ። ረስፖንሲቢሊቲ፣ ኃላፊነት።» የመጨረሻው ቃል ረጅም ስለሆነ ሦስት ጊዜ ያሳሻታል። አለነ የገብሱን ከረጢት ከትከሻው ሳያወርድ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ አዳመጣት። ጎህ ሳይቀድ ሳንቃ በር ከሚባለው ተራራ በታች ካለው ቀዬው ወጥቶ፣ መንገድ ዳር አይሱዙ ጠብቆ፣ ከበግና ከሰው ጋር ተጠጋግቶ ንፋስ እየመታው ነው ደባርቅ የገባው፤ ጆሮው ገና አልሞቀም። ድካሙን ሁሉ ረሳው። ከአገሩ ገበሬ መካከል ጨርቅ እያጠበች እንግሊዝኛ የምትናገር ልጅ ያለችው ማን ነው? ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሰውየው ደግሞ እንባ የሚቀናው ሰው አይደለም።

ደረት ኪሱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አለ። ሸጊቱ በቀዬዋ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከዚያ በላይ ክፍል አልነበረም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መስከረም 1999፣ የእንግሊዝኛ መምህር ከሆነው አጎቷ ከየሺዋስ ቤት መጣች። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ አባት በዓመት በዓመቱ ገብሱን፣ ቅቤውን፣ ጠቦቱን ያመጣል፣ አጎት ያስተምራል፣ ልጅቱም እግረ መንገዷን ቤት ታግዛለች። ባለፈው ሐምሌ የስድስተኛ ክፍል ካርዷ በሰው እጅ ተልኮ መጣለት፤ ከስድሳ ሁለት ተማሪ ሦስተኛ። የሚካኤል ማኅበር ዕለት ቄስ መልከ ጼዴቅ ብድግ ብለው ካርዱን እንደ ስንክሳር ለማኅበርተኛው አነበቡት፣ የሂሳቡን፣ የሳይንሱን፣ የእንግሊዝኛውን፤ ሴቶቹም እልል አሉ። አለነ በዚያ ቀን ተራው ሳይሆን ጠላ ጨምሮ አስቀዳ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ቀበሌ ላይ ሌላ ወሬ ሰማ፤ የገጠር ሴት ልጆችን የሚረዳ ድርጅት ደባርቅ ላይ ማደሪያ ቤት ከፍቷል፣ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ይቀበላል፣ ምግብም፣ ደብተርም፣ ልብስም ይሰጣል፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ። የድርጅቱ ሠራተኛ ዛሬ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን ከነወላጆቻቸው ታነጋግራለች። ወዲያው የሸጊቱን ስም አስመዘገበ። የቀበሌው ሰው ካርዱን አገላብጦ አይቶ አንድ ነገር ብቻ አለው፤ «ማኅተም የለውም። ትምህርት ቤቱ ሂድና አስመታው።» መምህር ወንድም ያለው ሰው ማኅተም አያስጨንቀውም።

ሸጊቱ አባቷን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ሮጠች። ጉልበቱን ሳመች፣ እሱም ግንባሯን ሳማት፤ እጇን ሲይዘው ሳሙና የበላው፣ የተሰነጣጠቀ የትልቅ ሴት እጅ ሆኖ አገኘው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚማረው ፈረቃ ውስጥ ትሆናለች ብሎ አሰበና ለምን ቤት ዋልሽ ብሎ አልጠየቃትም። የሚያምን ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? «በይ እስቲ ያን ረጅሙን ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቃት ትንሽ አስባ «የሰውን ነገር እንደ ራስ አድርጎ መያዝ ነው» አለችው። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ከራሷ ያወጣችው ነው።

በዚህ መሀል ጥበብ የምትባለው የየሺዋስ ሚስት ነጠላዋን እያጣፋች ከቤት ወጣች። ቱሪስት በሚያርፍበት አንድ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ሥራ ረፍዶባታል። ዋርሳዋን፣ የባሏን ወንድም፣ ስታይ ደነገጠች፤ ድንጋጤዋን በሳቅ ሸፈነችው።

«እንዴት ሰነበቱ ጋሽ አለነ? ምነው ሳይነግሩን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለማኅተም ነው የመጣሁ፣ ለካርዷ። ትምህርት ቤቱ ደረስ ብዬ አስመትቼ እመጣለሁ።»

ጥበብ ማጣፋቱን ተወችው። «የሺዋስ ምሳ ላይ ይመጣል፤ እሱ ያስመታልዎታል። እርስዎ አይድከሙ» አለች። ከዚህ እስከዚያ ምን ድካም አለው ቢላት «ግድ የለም ይጠብቁት» ብላ ደገመችለት። ሸጊቱን አየት አደረገቻት፤ ቀጥላ የሕፃኑ ገንፎ የት እንዳለ ነገረቻትና እያመነታች ወጣች። በሩን ስትዘጋ ዘወር ብላ ሁለቱን አየቻቸው።

ሸጊቱ ሻይና ዳቦ አቀረበችለት። ሳሎኑ ከአምና ወዲህ አምሮበታል፤ ሶፋ ገብቷል፣ ቴሌቪዥኑ ተለውጧል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሺዋስ ማታ ማታና ቅዳሜ የሰው ልጆች ሰብስቦ ያስጠናል፣ በነፍስ ወከፍ በወር ሠላሳ ብር፤ የነጋዴ ልጆች፣ የሾፌር ልጆች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ። ሰሌዳው ላይ ያቺው የመብትና የግዴታ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ተጽፋለች። ሸጊቱ ቃላቱን የለቀመቻቸው ከመጋረጃው ወዲያ፣ በጓዳው በኩል ሆና፣ ሕፃን አዝላ ነው፤ አለነ ግን ይህን አያውቅም። የምትተኛበትን ቦታ ብቻ አየ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የተጠቀለለ ስስ ፍራሽ፣ የሽንኩርት ከረጢት፣ አንድ ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ። በዓይኑ ደብተር ፈለገ፤ የለም። ጎበዝ ተማሪ ደብተሩን አያዝረከርክም፣ አንድ ቦታ ሰብስባ አስቀምጣው ይሆናል። ሰው ማመን ሲፈልግ እንዲህ ነው፤ ምክንያቱን ራሱ እያዘጋጀ ለራሱ ያቀርባል። ሻዩን ጨርሶ ተነሣ።

ትምህርት ቤቱ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ዘበኛው ዱላውን ተቀብሎ አስገባው። መዝገብ ቤቱ እስከ ጣሪያ ፋይል የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ዓለምዬ የምትባል ሠራተኛ ሹራቧን ደርባ ተቀምጣለች። ወንበር ሳበችለት፤ የመምህር የሺዋስ ታላቅ ወንድም መሆኑን ሲነግራት ይበልጥ አከበረችው። ካርዱን ከፌስታሉ በኩራት አወጣው። «ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ሦስተኛ ወጥታለች» አለ። ዓለምዬ ስሙን አንብባ የአምናውን የስድስተኛ «ሀ» መዝገብ አወጣች። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች። የለም። «ለ»ን አወጣች፣ «ሐ»ን አወጣች። የለም። የካቻምናውን የአምስተኛ ክፍል ሁሉ አገላበጠች። «በክርስትና ስሟ ተመዝግባ ይሆን?» አለችው። ወለተ ጊዮርጊስ ነው አላት፤ እሱንም ፈለገችው። የአለነ ኩራት እስከዚህ ድረስ አብሮት ነበር፤ መዝገቡ ነው የተሳሳተው እያለ፣ የመንግሥት ወረቀት መቼም መሳት ልማዱ ነው እያለ ሲያጽናና ቆየ፣ እሷንም ራሱንም።

በመጨረሻ ዓለምዬ መዝገቡን ትታ ካርዱን አነሣችና ጽሕፈቱን አየችው። በየሴሚስተሩ የምትረከበው የእጅ ጽሕፈት እንዴት ይጠፋታል? ሰባት ቁጥሩ ወገቡ ላይ የተሰረዘ፣ አምስት ቁጥሩ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ የየሺዋስ ነው። የክፍል ኃላፊ መምህራን ባዶ ካርድ በቁጥር ይወስዳሉ፣ ሁለት ሦስት ይተርፋቸዋል፣ የተረፈውን የሚጠይቅ የለም። ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ካርዱን እንደነበረው በፌስታሉ ጠቅልላ በሁለት እጇ መለሰችለት።

«ጋሼ፣ ይህን ለሌላ ሰው አያሳዩ። ወንድምዎን ያነጋግሩ።»

«ልጄ እዚህ አትማርም ማለት ነው?»

ፋይሎቹን ወደ መደርደሪያቸው ትመልስ ነበር፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው «እዚህ ተምራ አታውቅም» አለችው።

አለነ ወንድሙ የሚያስተምርበትን ክፍል ጠይቆ ሄዶ መስኮቱ ሥር ቆመ። የሺዋስ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ሰሌዳው ፊት ይንጎራደዳል፤ ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል፣ ይህ ሐሰት አይደለም። «ስለ መብት ምሳሌ የሚሰጠኝ?» አለ። አንዲት ጸጉሯን የተጎነጎነች ልጅ ተነሥታ በእንግሊዝኛ ተናገረችና በአማርኛ ደገመችው፤ የመማር መብት። «ቬሪ ጉድ፣ አጨብጭቡላት» አለ። ተጨበጨበላት። ይህን መብት የማስከበር ኃላፊነት የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ሰባው ልጅ በአንድ ድምፅ «የሁላችንም» አለ፤ መስኮቱ ነዘረ። አለነ ልጅቷን አያት። ከሸጊቱ ጋር እኩያ ናት፣ እጇ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለ፣ ሌላ ምንም የለበትም። የሺዋስ ዘወር ሲል የወንድሙን ፊት በመስኮቱ አየ፣ ከፊቱ ቀጥሎ ፌስታሉን። ጠመኔውን አስቀመጠ። ልጆቹ ቃላቱን አሥር አሥር ጊዜ እንዲጽፉ አዘዘና ወጣ።

ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ገቡ። የሺዋስ መጀመሪያ ያወራው ስለ ሻይ ዋጋ ነው፤ አምና ሰባ አምስት ሳንቲም የነበረው አንድ ብር ገባ፣ ስኳር ጠፋ፣ ደመወዝ ግን እዚያው ነው። ስለ ገብሱ ጠየቀው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀው። አለነ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወሬው ሲያልቅበት የሺዋስ ጋዋኑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው፤ ነጩን ለብሶ ሊናገረው የከበደው ይመስላል።

«ዘንድሮ ላስገባት ነበር» አለ። «አምናም እንዲሁ አስቤ ነበር። ጥበብ ወለደች። ሠራተኛ ጠፋ፤ የተገኘችውም ሁለት ወር ቆይታ ትሄዳለች። ሁለታችንም ሥራ ነው የምንውለው፣ ምን ላድርግ ወንድምዓለም?»

«ካርዱንስ?»

«አንተ ነህ የላክህብኝ፣ ካርዷስ ብለህ። ምን ብዬ ልመልስልህ? ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።»

ይህን ሲል ከልቡ ነው፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ አንሥቶ፣ ሂሳብን ስንት፣ ሳይንስን ስንት ላድርግላት ብሎ አስቧል። አንደኛ ቢያደርጋት ይበዛል፣ አሥረኛ ቢያደርጋት ወንድሙ ይከፋል፤ መዝኖ ሦስተኛ አደረጋት። አለነ በዚያ ወረቀት የሰው ጠላ አስጠጥቶ፣ ካህን አስነብቦ፣ ልጄ ልጄ ሲል መክረሙን አሰበና ፊቱ ጋለ። ቁጣው ግን ወደ አፉ ሳይደርስ የሺዋስ ያልጠበቀውን ነገረው። ልጅ ሳለ ወደ ዳባት ከአባታቸው ዘመድ ቤት ለትምህርት ሲላክ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አልገባም ነበር፤ ውኃ ሲቀዳ፣ ከብት ሲያግድ፣ የሰው ልጅ ሲያዝል ነው የኖረው። በአራተኛው ዓመት አስገቡት። «ያኔ ደህና ነኝ፣ እየተማርሁ ነው ብዬ ነበር የምልክብህ። ይኸው ተማርሁ። እሷም ትማራለች፤ እኔ እንዴት የተማርሁ ይመስልሃል?» አለ። አለነ ይህን ሰምቶ አያውቅም። እሱ የቅዳሴውን ትምህርት ትቶ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሞፈር የያዘው ይህ ታናሽ ወንድሙ እንዲማር ነበር። ሦስቱ ዓመታት ለሌላ ሰው ውኃ ሲቀዳ መባከናቸውን ዛሬ ነው የሚሰማ፤ ለማን እንደሚያዝን ጠፋበት።

ማኅተሙ ከሰዓት ለሚያነጋግራት የድርጅት ሴት እንደነበር ሲነግረው የሺዋስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ወረቀት ወጣ ማለት ሰነድ ማጭበርበር ነው፤ ከሥራ መባረሩ ቀላሉ ነው፣ መታሰርም አለበት። እናታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየወሩ ጎንደር እየወረደ መድኃኒታቸውን የሚገዛው እሱ ነው። «እማማን አስባት። ከሰዓት ያቺ ሴትዮ ዘንድ አትሂድ። ከሄድህም ታማለች በላት። በሚመጣው መስከረም ካላስገባኋት የእናቴ ልጅ አይደለሁም» አለ። አለነ ሻዩን ሳይነካው ፌስታሉን ኪሱ ከተተና ተነሣ፤ ሒሳቡን የሺዋስ ከፈለ።

ለምሳ የሺዋስ አልመጣም፣ ጥበብም አልመጣችም። አባትና ልጅ ሽሯቸውን አብረው በሉ፤ ሕፃኑ በመካከላቸው ተቀምጦ እንጀራ ይቦጭቃል። ሸጊቱ ካርዱ እንዳለ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሰማች እንዲያሳያት ጠየቀችው። አወጣላት። ከላይ ጀምራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ሂሳብ ሰማንያ አራት፣ ሳይንስ ሰባ ዘጠኝ፣ አማርኛ ዘጠና። አንድ መሥመር ላይ ስትደርስ ቆመች። «እንግሊዝኛ ሰባ አንድ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ሰባ አንድ ብቻ?» አለች። ከልቧ ቅር ብሏት ነበር። አለነ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

«ምኑን?»

«አለመማርሽን።»

ሸጊቱ ግራ ገባት። «አባ፣ አንተ የምታውቅ መስሎኝ» አለችው። «ጋሼ የሺዋስ ‹አባትሽ ትቆይ ብሏል› አሉኝ። ገብስ ይዘህ ስትመጣም ስለ ትምህርት ጠይቀኸኝ አታውቅም። ተስማምታችሁ መስሎኝ ነው እኮ።» ምሬት የለባትም፣ ነገሩን ማስረዳቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ ሸጧት እንደሄደ እያሰበች፣ በሩን በከፈተ ቁጥር ሮጣ ጉልበቱን ስትስም ኖራለች። አለነ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለም። «ዛሬ ያልቃል» አላት። «ተነሽ፣ ነጠላሽን ልበሽ። ዛሬ ነው የሚያልቀው።» ይህን ሲላት እውነቱን ነው፤ ከዚያች ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የማንም ወንድም አልነበረም። ሕፃኑን የሚይዝላት ስለጠፋ አዝላው ወጣች።

ድርጅቱ የተከራየው ክፍል ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ ነው። አግዳሚው ላይ ከጃናሞራ በኩል የመጡ ሁለት አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ካርዳቸውን እንደ አለነ በፌስታል ጠቅልለዋል። ተራቸው ሲደርስ ማዕረግ የምትባል ከጎንደር የመጣች ሴት ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰው ሲናገር ጽሕፈቷን አቁማ የምታዳምጥ፣ ደግ ሴት ነበረች። ስለ ታዘለው ልጅ ጠየቀች፤ የአጎቴ ነው አለቻት። እንግሊዝኛ ትወጃለሽ ወይ ብትላት ሸጊቱ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል ቃላቱን ከነትርጉማቸው ዘረገፈቻቸው፤ መብት፣ ደንብ፣ ግዴታ፣ ኃላፊነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ። ማዕረግ ሳቀች፣ ደስ ብሏት። «ይህን የት ተማርሽ?» አለቻት። ሸጊቱ «ከመጋረጃ ጀርባ» አለች፣ እንደ አንድ ትምህርት ቤት ስም አድርጋ።

ማዕረግ ሳቋን አቆመች። ካርዱን ጠየቀች፤ አለነ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ባዶውን አወጣው። ነገሩ የገባት ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ቤት አይታ ታውቃለች። ብዕሯን አስቀምጣ በለሆሳስ አስረዳችው። ካርድ የሌላትንም ይቀበላሉ። ሰው ከትምህርት ከልክሎ ለሥራ ያስቀራትን ልጅ እንዲያውም ያስቀድማሉ፤ ዛሬውኑ ማደሪያው ትገባለች፣ ሰኞ አምስተኛ ክፍል ትጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ የከለከላት ሰው ስም ተጽፎ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላካል፣ ሰውየውም ይጠየቃል። ደንቡ ይህ ነው። «ማን ነው ያስቀራት አባቴ? አይፍሩ» አለችው።

ሸጊቱ አባቷን አየችው፤ ያየችው ሳትጨነቅ ነው፣ ዛሬ ያልቃል ብሏታልና። አለነ አፉን ከፈተ። የወንድሙ ስም ምላሱ ላይ ነበር። ከስሙ ጋር ግን እናቱ መጡ፣ ውኃ የሚቀዳ ልጅ ዳባት ላይ መጣ፣ ደግሞም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ሌላም መጣ። የሚካኤል ማኅበርተኛ መጣ። ነገሩ ከተጻፈ ወሬው ሳንቃ በርን አልፎ ቀዬው ይገባል፤ ቄስ መልከ ጼዴቅ ያነበቡት ካርድ ምን እንደነበረ አገር ይሰማል። ለወንድሙ ብቻ ቢሆን ይቅር ሊባል ይችል ነበር። ለራሱም ነበር።

«ማንም አልከለከላት» አለ። «እሷው ናት እምቢ ያለች። ትምህርት ጠላች።»

ማዕረግ አላመነችውም። ወደ ልጅቱ ዞራ «እውነት ነው ሸጊቱ?» አለቻት። ሸጊቱ አባቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ያይ ነበር። በጀርባዋ ያለው ሕፃን ሲያለቅስ አንዴ ወደ ላይ ነጠቅ አድርጋ አስተካከለችው፣ ከዚያ «አዎ» አለች። ማዕረግ ሁለተኛ ጠየቀቻት፤ ሁለተኛም አዎ አለች። እንግዲህ መማር መብትሽ ነበር፣ አልፈልግም ማለትም ምርጫሽ ነው፣ እኛ አናስገድድም አለች ማዕረግ፤ ቅጹ ላይም «በራሷ ፈቃድ» ብላ ጻፈች። አለነ ማንበብ እንጂ መጻፍ ስላልተማረ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተጫነ። ሸጊቱ ግን ብዕሩን ተቀብላ ስሟን ከነአባቷ ስም አስተካክላ ጻፈች፤ የሚያምር ጽሕፈት አላት። ማዕረግ ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይዛው ቆየች።

ውጭ አለነ ጫማ ልግዛልሽ አላት። አልፈልግም አለችው። ለስላሳ እንጠጣ አላት። ጨርቁ አልተሰጣም፣ ጥበብ ከመምጣቷ በፊት ልድረስ አለችው። ከበሩ ሲደርሱ ጎንበስ ብላ እንደ ደንቡ ጉልበቱን ሳመች፣ እናቴን ሰላም በልልኝ አለችውና ገባች። በመንገዱ ሁሉ ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይሻለው ነበር፤ የሚመልስላትን አዘጋጅቶ ነበርና።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ጨነቅ የሚሄድ አይሱዙ አገኘና ተሳፈረ። ጎረቤቱ ገዱ ቀድሞት የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ በግ ሸጦ መመለሱ ነው፣ ፊቱ ፈክቷል። ቦታ አስለቀቀለት። ዳገቱን ሲይዙ ገዱ የበጉን ዋጋ ተናግሮ ሲጨርስ ስለ ሸጊቱ ጠየቀው።

«ደህና ናት።»

«ማኅተሙን አስመታህ?»

«አስመታሁ።»

«ድርጅቱስ?»

«ከአጎቷ ቤት ብትሆን ይሻላታል ብዬ ተውሁት።»

ገዱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ልክ ነህ፣ ከባዕድ ቤት የዘመድ ቤት ይሻላል አለ። ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል ሆነች አለው። ሰባት፣ አለ አለነ። አይሱዙው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣና ሁሉም ተንገጫገጩ። ገዱ ጠጋ አለው። «የኔዋም አራተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። እናቷ እንዳራት ትላለች። እኔ ግን የማኅበሩ ዕለት ያን ካርድ ሲነበብ ከሰማሁ ወዲህ አልተኛ አልኩ፤ ምነው የኔስ ልጅ እላለሁ። እባክህ ለመምህሩ ንገርልኝ። ከባልንጀሮቹ አንዱ ቤት ያስገባልኝ፤ ገብሱን እኔም በዓመቱ አመጣለሁ።»

አለነ ፎጣውን እስከ አፉ ድረስ ተጠቀለለ። ገዱ ፊት ፊቱን እያየ መልስ ይጠብቃል።

«እሺ» አለው። «እነግርልሃለሁ።»